አንድ ጣት

ከሂርማታ በታች፣ ከአዌቱ ዳር ካለው፣
ቡናው ተጭኖ ሄዶ ሽታው ብቻ ከቀረው
ቆርቆሮ መጋዘን፣ ቅዳሜ በአሥር ሰዓት
ደንቡን የማነበው እኔ ነኝ።
አንብብ ያለኝ የለም፤ ራሴው ጀመርኩት።

ሙዘይን በከሰል ነው በትልቁ የጻፈው፣
ክረምት በስንጥቁ ገብቶ ግማሹን አጠበው፤
የታጠበውንም ግን በቃሌ አውቀዋለሁ፣
ሳላይ አነባለሁ።

«ዓይን በጣት አይወጋም። ጥርስ ሥጋ አይነክስም።
ጣት አፍ ውስጥ አስገብቶ ጉንጭ አይዘነጠልም።
በክንድ ማነቅ ይቻላል፤ ጉሮሮ አይጨበጥም።
ማጅራት አይመታም፤ ከብሽሽት አይደረስም።
የተንበረከከ ሰው ፊቱን በእግር አይባልም።
አንስቶ በአናቱ ማንም ሰው አይተከልም።
የዶሮ ሽቦ ነው ብሎ አጥሩን መያዝ የለም።»

ልጆቹ ይስቃሉ።
ነዚፍ፣ ባጃጅ ነጂው፣ መፋቂያውን እየነከሰ፣
«ታዲያ ለእኛ ምን ቀረን?» ይላል እንደ ከሰሰ።
ብዙ ነገር ቀርቷል፣ እለዋለሁ።
ጡጫ አለ፣ ክርን አለ፣ ጠልፎ መጣል አለ፤
ክንድም መቆልመም አለ፣ አያያዙን ላወቀ።

ከዚያ አንዲት መስመር አለች፣ ከሁሉም የጠበበች፣
ዝናብ ያልደረሰባት፣ ከሰሏ የጠቆረች፤
«አራት ጣት፣ ሦስት ጣት በአንድ ላይ ይያዛል፤
አንድ ጣት ለብቻው…»
እዚህ ላይ ድምፄ ያንሳል።

ዘይኑ፣ የታጁ ወንድም፣ ገና አሥራ አራት ዓመቱ፣
«ሦስቱ ከተፈቀደ አንዱ ምነው?» ይለኛል።
ሙዘይን ነው የሚመልስ፤
«ሦስቱ ይደጋገፋሉ። አንዱ ወገን የለው።»
እኔ ገጽ የምገልጥ እመስላለሁ፣
ግድግዳ ገጽ እንዳለው።

ታጁ የቦሳ ልጅ ነው። ያለ ሙጫ፣ ያለ ሚስማር፣
ከአንድ ግንድ ዋንዛ ላይ ሦስት እግር የሚያወጣ፣
አባቱም፣ አያቱም በርጩማ የሚጠርብ ዘር።

ነሐሴ ነበረ። ጣሪያው በዝናብ ይጮኻል፣
ሙዘይን በዚያ ማዶ ፊሽካ ነክሶ ያያል፣
የታጁ ክንድ ከኋላ አንገቴን ጠምጥሞታል።
ንጹሕ ማነቂያ ነበር፤
ደንብ ያልጣሰ፣ የሠለጠነ፣ እያነቀም የሚያምር።
ሁለቴ መታ ባደርገው ይለቀኝ ነበር ወዲያው።
ጆሮዬ ጭው ሲል ግን፣ ዓይኔን ሲጋርደው፣
እጄ ጣት ፈለገ።
አንድ ጣት አገኘ።
ሌባ ጣቱን ያዝኩት፤
ሌባው እኔ ሆኜ።

እንደ ጭራሮ ቀጭ አለ።
ጣሪያው ባይጮኽ ኖሮ እስከ አጂፕ ይሰማ ነበር።
ለቀቀኝ። ተገለበጥኩ። ከላዩ ላይ ወጣሁ።
የቀረውን ሁሉ
አንድ ሳላጓድል በደንቡ አደረግሁ።

ሙዘይን እጄን አነሣው፤ አምስቱም ጣት ተዘርግቶ።
ሽልማቱ ጓንት ነበር፣ አዲስ፣ ቀይ፣
እስከ ዛሬ ከነላስቲኩ ሳጥን ውስጥ ተከቶ።

ማታ፣ ወጌሻው ቅቤ ቀብቶ እየሳበ፣
«ማን ነው እንዲህ ያረገህ?»
«ወድቄ ነው» አለ ታጁ፤ ወደ እኔ ዞር አላለም።
ሻሽ ያዡ እኔ ነበርኩ፤
ትንፍሽም አላልኩም።

ያቺ ጣት እስከ ዛሬ መታጠፍ አልሆነላት።
መጥረቢያ ሲጨብጥ አራቱ ይሰበሰባሉ፣
እሷ ወደ ፊት ቀርታ ትጠቁማለች።
«ታጁ፣ ማንን ነው የምታሳየን?» እያሉ ይስቁበታል።
አምስት ጣት እኩል አይደለም ይባላል፤ እውነት ነው።
አራቱን ፈጣሪ ነው ያበላለጣቸው፤
አምስተኛዋን እኔ።

ዘንድሮ ከዒድ በኋላ በርጩማ ላከልን፤
«ደንብ አንባቢው ቆሞ እግሩን እንዳይደክመው» ብሎ።
ባለ ሦስት እግር አይነቃነቅም።
አንዱ ቢያጥር እንኳ ያዘነብላል እንጂ፣ ጸጥ ብሎ።
ይሄኛው ወደ ግራ ነው፣ በአንድ ጣት ውፍረት።
ጣቷ እንቢ ብላው ይሁን፣ ወይስ ዓይኑ እያየ፣ ሆን ብሎ፣
አልጠየቅሁትም።

ቅዳሜ በአሥር ሰዓት እቀመጥበታለሁ።
ልጆቹ ጫማ አውልቀው ሲሰበሰቡ፣
እንደ ተጣመምኩ እጀምራለሁ፤
«ዓይን በጣት አይወጋም…»